ስክሪኑ እንዳይጠቁር፦ በገመድ አልባ የቪዲዮ ትራንስሚተር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በጥር ቅዳሜና እሁድ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ኮዬ ፈጬ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ድንኳኑ ረጅም ነው። ከኋላ የተቀመጡት አያት ቀለበቱ ሲጠለቅ ማየት የሚችሉት በኤልኢዲ ስክሪኑ ብቻ ነው። ምስሉን ከካሜራው ወደ ስክሪኑ የምታደርሰው ደግሞ ካሜራው ላይ የተሰካችው ትንሽ ትራንስሚተር ናት። እሷ ስትቋረጥ ስክሪኑ ይጠቁራል። ቀለበቱ ደግሞ ለእኛ ተብሎ ሁለተኛ አይጠለቅም።

ምስል ሲቋረጥ ቶሎ የሚሰማው ወሬ «ዕቃው ቀሽም ነው» የሚል ነው። እኔ እስከማየው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ዕቃው የተቀመጠበት ቦታና የተሰካበት ቅደም ተከተል ነው ጉድ የሚሠራው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀት ማመን

ሆሊላንድ ማርስ 400ኤስ ፕሮ የሚባለውን ትራንስሚተር እንውሰድ። አምራቹ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ይደርሳል ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን በመሀል ምንም ነገር ለሌለበት ገላጣ ቦታ የተሰጠ ቁጥር ነው። የድግስ ግቢ ገላጣ አይደለም።

እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። የሞገዱ ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ ከፊቱ የቆመን ነገር ዞሮ ማለፍ ብዙም አይሆንለትም። ደረቅ የድንኳን ሸራ ያሳልፈዋል። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ከከተማው ዳር ደግሞ አጥሩም ቆርቆሮ፣ የማብሰያው ዳስም ቆርቆሮ፣ የግቢው በርም ላሜራ ነው። ሙሽሮቹን ለመቀበል ካሜራማኑ ወደ መኪናው ሲወጣ ምስሉ የሚጠፋው እዚያች በር ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ምስሉን ተቀብሎ ለስክሪኑ የሚሰጠውን ሪሲቨር ስትተክሉ ከመድረኩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከበሩ ጋርም ቀጥታ የሚተያይበትን ቦታ ፈልጉ።

ሌላው ግድግዳ ሰው ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ጠዋት ባዶ ድንኳን ውስጥ ሲሞከር ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ እንግዳው በሙሉ ብድግ ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለዚህ የጠዋቱን ሙከራ በባዶ ወንበር አትመኑት። አራት አምስት ልጆች ትራንስሚተሩና ሪሲቨሩ መሀል ተጠጋግተው ይቁሙላችሁ። ካሜራማኑ ሙሽሮቹ የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ ከበር እስከ መድረክ ይሂድበት። የት ላይ እንደሚቆራረጥ ያኔ ይታወቃል።

ከፍታ ከርቀት ይበልጣል። በሁለቱ አንቴናዎች መሀል የሚሄደው ሞገድ እንደ ክር የቀጠነ አይደለም። በ100 ሜትር ርቀት ላይ፣ መሀል ሜዳው ጋ ከቀጥታው መስመር በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ያህል ይሰፋል። ያ ስፋት በሰው ጭንቅላት ከተሞላ ሲግናሉ ይደክማል። ካሜራው ትከሻ ላይ ስለሆነ ከፍ ልታደርጉት አትችሉም። ሪሲቨሩን ግን ትችላላችሁ። ጠንካራ የመብራት ስታንድ ላይ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ አውጡት፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት።

ሪሲቨሩን ከስክሪኑ ጀርባ መደበቅ

ይህን ስህተት ሳላይ የምውልበት ድግስ ጥቂት ነው። የስክሪኑ ሰዎች ጀርባው ጋ ናቸው፤ ገመዱ አጭር ነው፤ ሪሲቨሩም እዚያው መሬት ላይ ይጣላል። የኤልኢዲ ስክሪን ጀርባ ማለት የብረት ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ የስክሪኑ ፓወር ሰፕላይና መቆጣጠሪያ የራሳቸው የኤሌክትሪክ ረብሻ አላቸው። ሪሲቨሩ ካሜራውን ማየት አለበት። ገመዱ ካጠረ ረጅም ገመድ ይገዛ። ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 እስከ 15 ሜትር ካለፈ ያስቸግራል። ኤስዲአይ (የባለሙያ ካሜራዎች የቪዲዮ መስመር) ግን በጥሩ ገመድ ባለ ሙሉ ኤችዲ ምስልን 70 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሪሲቨሩን ከፊት ለፊት ጥግ ላይ ከፍ አድርጎ ተክሎ በኤስዲአይ ወደ ስክሪኑ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ችግሩ ስታንዱ ሰው መሀል መሆኑ ነው። ምሳ ሊነሣ ሲል አንድ አባት ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት መተላለፊያ ዘጋብን እኮ።»

«እሺ ጋሼ፣ አሁን ላንሣው።»

ተነሥቶ የሚሄደው ደግሞ እዚያው ስክሪኑ ጀርባ ነው። ጋሼ አልተሳሳቱም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይህ ንግግር መኖር የነበረበት ከጠዋቱ ነው። ድንኳኑ ሲተከል ከቤቱ ባለቤትና ወንበር ከሚደረድሩት ልጆች ጋር ተነጋገሩ። ምግብ በየት ይገባል? ሽማግሌዎቹ በየት ያልፋሉ? ስታንዱን ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ አስጠግታችሁ በገመድ እሰሩት። መሬት ላይ የሚሄደውን ገመድ በቴፕ ለጥፉት ወይም ምንጣፍ ሥር አስገቡት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትሪ የያዘች እናት በእናንተ ገመድ ተጠልፋ መውደቅ የለባትም።

አንቴና ሳይገጥሙ ማብራት

ትራንስሚተር አንቴና ሳይኖረው ሲበራ የሚያመነጨው ኃይል የሚወጣበት ያጣል። ተመልሶ የራሱን ማጉያ ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ አንቴናው በእጅ ይጥበቅ፤ ከዚያ ይብራ። አንቴናው ጫፉን ወደ ሪሲቨሩ ማነጣጠር የለበትም። ሞገዱ በብዛት የሚወጣው ከጎኑ እንጂ ከጫፉ አይደለም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቁም፤ ሁለት ከሆነ ትንሽ ከፈት ይበል። የሪሲቨሩም እንደዚያው።

ቅደም ተከተሉን አለማክበር

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። ብዙዎች ደግሞ እስኪደርስባቸው ድረስ አይሰሙትም።

ካሜራውና ትራንስሚተሩ ከአንድ ትልቅ ባትሪ በዲታፕ፣ ማለትም ባትሪው ላይ ባለው የኤሌክትሪክ መውጫ፣ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ እንበል። በመሀላቸው የኤስዲአይ ገመድ አለ። ገመዱ ከተሰካ በኋላ ዲታፑ ሲሰካ፣ የዲታፑ ፖዘቲቭ ከኔጋቲቩ ቀድሞ ሊነካ ይችላል። ጊዜው ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ያኔ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በኤስዲአይ ገመዱ በኩል ነው። የካሜራው ኤስዲአይ መውጫ የተሠራው ለደካማ ሲግናል ነው። ይህን አይችለውም፤ ይቃጠላል። ካሜራው ይሠራል፣ ይቀርጻል፣ በኤስዲአይ ግን ምስል አያወጣም። አሪ የተባለው የጀርመን የካሜራ አምራች ሳይቀር ስለዚህ ጉዳይ ለተጠቃሚዎቹ ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

ደንቡ አጭር ነው። ስትሰኩ መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ገመድ፣ ቀጥሎ ኤስዲአዩን። ስትነቅሉ መጀመሪያ ኤስዲአዩን፣ በመጨረሻ የኤሌክትሪኩን። ባትሪ መቀየርም ከዚህ አይለይም። ረዳት ያለው ካሜራማን ይህን ለረዳቱ በቃል ያስጠናው፤ ባትሪ የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነውና። በግምት የተሠሩ ርካሽ የዲታፕ ገመዶችንም ራቁ። አንዳንዶቹ በኃይል ከተገፉ ተገልብጠውም ይገባሉ።

የኤችዲኤምአይ ሕመም ሌላ ነው። የትንንሽ ካሜራዎች ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለዘመመ ገመድ አይበረታም። ገመዱ በክላምፕ ካልተያዘ፣ ትራንስሚተሯ በተወዛወዘች ቁጥር ቀዳዳው ይላላል። አንድ ቀን ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሁሉም ሰው ጥፋቱን ሲግናሉ ላይ ይፈልጋል። ገመዱን በጣት ነካ አድርጉት። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሪሲቨሩን ከቤቱ ሶኬት፣ ስክሪኑን ከጀነሬተር

መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ በጀነሬተር ይቀጥላል፤ ከቤቱ ቆጣሪ የተሰካው ሪሲቨር ግን ይጠፋል። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ የሁለቱ ምንጮች መሬት፣ ማለትም ግራውንድ፣ እኩል ያልሆነ ጊዜ ነው። ልዩነቱ በቪዲዮ ገመዱ በኩል ይፈሳል፤ ቀዳዳ ያቃጥላል፤ ሰውም ሊነዝር ይችላል። ሪሲቨሩን በባትሪ አሠሩት። ኤንፒኤፍ የሚባሉት ባትሪዎች ለዚህ ይበቃሉ፤ መብራት መጣ ሄደም አያሳስባችሁም። አስማሚ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ስክሪኑ ከተሰካበት ምንጭ ይሁን፤ ቮልቴጁም ዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር ይግጠም። ኤክስቴንሽኑ እርጥብ ሣር ላይ አይጣል።

ሽቦ ሥር ስታንድ መዘርጋት

አዳዲስ ሰፈሮች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር በባዶ ሜዳው ላይ ያልፋል። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የምናየው መስመር እንኳን 15 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል። ይህ ለመግደል መነካትን አይጠብቅም፤ መቅረብ ይበቃዋል። ስታንድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ከላይ ሽቦ ካለ ቦታ ቀይሩ፤ «ትንሽ ዝቅ እናደርገዋለን» አይሠራም። ነጎድጓድ ከጀመረም ስታንዱን አውርዱ።

ጠዋት የተመረጠን ቻናል እስከ ማታ መተው

ጠዋት ነፃ የነበረ የሞገድ ቻናል ከሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላል። እንግዶች ሆትስፖት ይከፍታሉ፤ ሁለት ግቢ አልፎ ሌላ ሠርግ፣ ሌላ ትራንስሚተር አለ። እንግዳው ከገባ በኋላ አንዴ እንደገና ስካን አድርጉ። ቀለበት ሲጠለቅ ግን ቻናል አይነካም።

ድሮን ካለ ጉዳዩ የደኅንነት ነው። ብዙዎቹ የዲጄአይ ድሮኖች በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ ይገናኛሉ። የእናንተ ትራንስሚተር 5.8 አካባቢ ሲጮህ ድሮኑ ከአብራሪው ጋር ያለው ግንኙነት ሊዳከም ይችላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው አለ። ፈቃድ ያለው አብራሪ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እሱ 2.4 ይያዝ፣ እናንተ 5ን።

ትራንስሚተሩ ላይ ያለውን የሀገር ምርጫ በመቀየር ኃይል ለመጨመር መሞከርም ትክክል አይደለም። ከ5250 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ራዳሮችም ይጠቀሙበታል፤ የአየር ሁኔታ ራዳር ጭምር። በአገራችን የሞገድ ጉዳይ የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቡስተር (የሲግናል ማጉያ) ገዝቶ ከመጨመር ሪሲቨሩን አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ሕጋዊም ነው።

መዘግየቱን መርሳት

ማርስ 400ኤስ ፕሮ ምስሉን 0.08 ሰከንድ ያዘገያል። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚቀርጽ ይህ ሁለት ፍሬም ነው። የስክሪኑ ፕሮሰሰርም የራሱን ይጨምራል። ሽማግሌው ሲመርቁ ከንፈራቸውና ድምፃቸው የሚለያየው ለዚህ ነው። ድምፁ ካሜራዎቹን ወደሚያቀያይረው ስዊቸር ሲገባ ያን ያህል እንዲዘገይ አስተካክሉት። በገመድ የተያዘው ካሜራና ገመድ አልባው እኩል ስለማይደርሱ፣ ጭፈራ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀያይሩ ምቱ ይዛነፋል።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮች። ትራንስሚተሯ ማቀዝቀዣ ቀዳዳ አላት፤ በፀሐይ ላይ በፕላስቲክ አትጠቅልሏት። አምራቾች አንቴናውን ከአካል ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አርቁት ይላሉ፤ ጆሯችሁ አጠገብ አትስቀሉት። ምስሉን በስልክ የምታዩበት አፕ ካለ ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ሙሽሪት ልብስ ስትቀይር ካሜራው ክፍት ቢቀር ማንም እንግዳ በስልኩ ማየት የለበትም። ያበጠ ባትሪ ካያችሁም ቻርጅ አታድርጉት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ካሜራ ሁልጊዜ በገመድ ይሁን። መድረኩን በሰፊው የሚያሳይ፣ በትራይፖድ የቆመ ይበቃል። ስዊቸር ላይ የተቀመጠው ልጅ ጣቱ ከዚያ ካሜራ ቁልፍ አይራቅ። ገመድ አልባው ድንገት ሲቋረጥ በሰከንድ ውስጥ ወደ እሱ ይቀይራል፤ ከኋላ የተቀመጡት አያትም ቀለበቱን ከራቅ ብሎ ቢሆንም ያያሉ።