ሪፒተሩ ወሬ መሃል ጸጥ ሲል

ሪፒተሩ፣ ማለትም የአማተር ሬድዮ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ጣቢያ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ይሰነብታል። እሁድ ማታ ኔት (ሁሉም በአየር ላይ ተሰብስቦ የሚያወራበት ሰዓት) በተጀመረ በሃያ ደቂቃው ጸጥ። አስር ደቂቃ አርፎ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሰው ሁሉ አንቴናውን ይጠረጥራል። አንዱ ጋ የተጠራሁት ዱፕሌክሰሩ (በአንድ አንቴና መቀበልና ማሰራጨት የሚያስችለው ማጣሪያ) ሁለቴ ከተነካካ በኋላ ነው። ፓወር ሰፕላዩን፣ የመብራቱን ኃይል ለሬድዮው ወደ 13.8 ቮልት የሚቀይረውን፣ ስነካው እጄን ለበለበኝ።

ፊቱ ላይ በትልቁ 30 አምፔር ይላል። ይሄ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቻል ጣሪያ ነው። ቤት ያለ ሬድዮ ትንሽ አውርቶ ብዙ ያዳምጣል፤ ሪፒተር ግን ኔት ላይ እረፍት የለውም። የምትፈልጉት ያለማቋረጥ የሚሰጠውን አምፔር ነው። ካልተጻፈበት አትግዙት።

ሪፒተሩ ውስጥ ያለው 50 ዋት የሚያወጣ የመኪና መገናኛ ሬድዮ ሲያሰራጭ ከ10 እስከ 12 አምፔር ይወስዳል። እኔ ያለማቋረጥ 20 የሚችል ሰፕላይ እሰጠዋለሁ። ሙቀቱን አስቡት። ባለ ትራንስፎርመሩ ሊኒየር ሰፕላይ ውስጡ 20 ቮልት ይዞ 13.8 ሲያወጣ፣ በ12 አምፔር 75 ዋት ገደማ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይሄን በቆርቆሮ ሳጥን ዘግተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል! መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ ሰፕላይ ፋን ጭራሽ በአቧራ ተደፍኖ ቆሟል። ሰፕላዩን ቀየርኩ፣ ሳጥኑን ቀዳድጄ አየር አስገባሁለት፣ ሬድዮውንም ወደ 25 ዋት አወረድኩት። የመኪና ሬድዮ እንደሆነ ሰዓት ሙሉ እንዲያወራ አልተሰራም። መቀነሱን ያስተዋለ ሰው የለም።

«13.8 ይላል እኮ!» ብሎ የተሟገተኝም አለ። የለካው ማንም ሳያወራ ነው፤ ያውም ሰፕላዩ ጫፍ ላይ። እያሰራጨ፣ ሬድዮው ጫፍ ላይ ለኩ። 3 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 6 ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው 1 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ በ12 አምፔር ከ1.2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 6 ካሬ ሳቡለት።

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ፊውዝ ከተቃጠለ ጥፋተኛው ሰፕላዩ ላይ የታሰረው ባዶ የመጠባበቂያ ባትሪ ነው። በሬድዮው ላይ ተደርቦ ይጎትታል። የራሱን ቻርጀር ስጡት። ፊውዙን በትልቅ የምትቀይሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ሽቦው ተቃጥሎ አይቻለሁ።

ርካሽ ስዊቺንግ ሰፕላይ (ከባዱ ትራንስፎርመር የሌለው ቀላሉ ዓይነት) ከገባ ወዲህ ደካማ ጣቢያዎች ጠፍተዋል? ሪፒተሩን በባትሪ ብቻ አስነሱት። ከተመለሱ ጫጫታው የሰፕላዩ ነው። ፌራይት (ሽቦው ላይ የሚገባ ጫጫታ አፋኝ ቀለበት) ትንሽ ይረዳል፤ መቀየሩ ይሻላል።

ከወሬው ጋር የሚሰማ እምምም የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ሰፕላዩ ውስጥ ያረጀ ካፓሲተር (ቮልቱን የሚያለሰልሰው ዕቃ) ነው።

የሊኒየር ሰፕላዩ ቮልት የሚቀንሰው ትራንዚስተር ሾርት ካደረገ ደግሞ ያ 20 ቮልት በቀጥታ ሬድዮው ላይ ይወርዳል። ቮልት ሲበዛ የሚቆርጥ መከላከያ የሌለውን ሰፕላይ ሪፒተር ላይ አታስሩ።