ሸራ ቀይራችሁ ጎማው ከያዘ

የፍሬን ሸራ ከተቀየረ በኋላ አንዱ ጎማ ያዝ የሚያደርጋችሁ የጅማ ሰዎች፣ ሸራውን ቶሎ አትውቀሱ። ትንሽ ነድታችሁ እጃችሁን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት። አንዱ ከሌላው በጣም የሚሞቅ ከሆነ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ አልለቅም ብሏል ማለት ነው።

መኪናውን በክሪክ አንሱና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ከያዘ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። የፍሬን ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከለቀቀ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፍሬን ቱቦው ነው፣ ውስጡ አብጦ ዘይቱን አላስመልስ ይላል። ካልለቀቀ ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥታችሁ እዩ። የፒኖቹ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ የኛ ከተማ ዝናብና ጭቃ ቶሎ ያዝጋቸዋል። በደንብ አጽድታችሁ የሲሊከን ግራሶ ቀቡ፤ ተራውን ግራሶ ግን በፍጹም፣ የጎማ ሽፋኑን ያሳብጠዋል። ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ነው የያዘው፣ እሱን ለባለሙያ ስጡት።

ቡሎኑን ከነካችሁ አየር አስወጥታችሁ የፍሬን ዘይት ሙሉ። ይህን ሳትጨርሱ ግን የጊቤ በረሃን ቁልቁለት እንዳትሞክሩት፣ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።