በአሮጌውና በአዲሱ ግድግዳ መጋጠሚያ እየተመላለሰ ያስቸገረን ስንጥቅ

የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ምእመኑን አልችል ስላለ ቅኔ ማኅሌቱን በብሎኬት ወደ ምዕራብ አስረዘምነው። ክረምት ሲገባ ብሎኬቱ ከድሮው የድንጋይ ግድግዳ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ጣት ያስገባል። በሲሚንቶ ለሰንነው፣ ተመልሶ ተሰነጠቀ። የሽቦ ወንፊት ወጥረን ደገምነው፤ እሱም ከጎኑ ፈነዳ።

በመጨረሻ ግድግዳው ገና ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፈን ቀን ጻፍንበት። በሳምንታት ውስጥ ጀሶው ለሁለት ተከፈለ፤ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነበር። መሬቱ መረሬ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ አሮጌውና አዲሱ መሠረት እኩል አይነሱም። ስለዚህ ማያያዙን ትተን ለየናቸው። መጋጠሚያውን በግራይንደር ቆርጠን ከወለል እስከ ጣሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አወጣን፤ ፎም ሞልተን ፊቱን ፖሊዩሬቴን በሚባል የሚለጠጥ ማሸጊያ ዘጋነው (ሲሊኮን ቀለም አይይዝም፣ ገንዘብ አታባክኑ)። የጣሪያውንም ውሃ በአሸንዳ ከመሠረቱ አራቅን። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ልስኑ እስካሁን ደህና ነው።