ቦርሳው ቆንጆ ነው፣ ሱሪዬን ግን በላው፦ የሳይክል ቦርሳ ሰፍተን ስንሸጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሳይክል ቦርሳ መስፋት የጀመርኩት በእናቴ ሲንጀር ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ በፍሬሙ መሃል ባለው ክፍት ቦታ የሚገባ፣ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ከውጭ የመጣ ይመስል ነበር። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ለአንድ ልጅ ሸጥኩት። በሦስተኛው ቀን ይዞት ተመለሰ።

«እህቴ፣ ቦርሳሽ ቆንጆ ነው። ሱሪዬን ግን በላው።»

እውነቱን ነው። ወፍራም ቦርሳ ብዙ ይይዛል ብዬ ጎኑን 9 ሳንቲሜትር አድርጌው ነበር። ልጁ ፔዳል በረገጠ ቁጥር ጉልበቱና ጭኑ ከጨርቁ ጋር ይፋተጋሉ። ስሰፋ ያሰብኩት ቦርሳውን ብቻ ነው። የሚነዳ ሰው እንዳለ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ስፋቱን በግምት መቁረጥ

ከዚሁ ልጀምር። አሁን የፍሬም ቦርሳ ከ6 ሳንቲሜትር በላይ አላሰፋም። ከፊት፣ ከመሪው በኩል፣ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። ወደ መቀመጫው ሲጠጋ ግን መጥበብ አለበት፣ ጉልበት የሚያልፈው እዚያ ነውና።

ልኩን በሜትር ብቻ አትውሰዱ። የሁለት ሳይክሎች ፍሬም «አንድ ዓይነት ሳይዝ» ተብሎም አንድ አይሆንም። ካርቶን አምጡ፣ ከፍሬሙ ጎን አስጠግታችሁ በእርሳስ ዙሩት። የውሃ ጠርሙስ መያዣው ብሎኖች የት እንዳሉ፣ የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ በየት እንደሚያልፉ ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ካርቶኑን ከየአቅጣጫው ግማሽ ሳንቲሜትር ቀንሱት። ቦርሳ ሲሞላ ያብጣል። ባዶውን ልክክ ያለ ቦርሳ ሲሞላ ፍሬሙ ውስጥ አይገባም።

ከመቀመጫ ሥር የሚንጠለጠለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ባዶ ሆኖ ከጎማው በጣም የራቀ ይመስላል። ዕቃ ሲገባበት ይወርዳል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። እኔ ሁለት ኪሎ ስኳር ከትቼበት ሰፈራችን ያለውን የኮብልስቶን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ እወርድበታለሁ። ጎማ ከነካ ወይም እንደ በግ ላት ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ስኳር የማመላልስ መስሏቸው ነበር።

የመሪ ቦርሳ ሲሆን፣ ካሰራችሁት በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩት። የፍሬን ገመድ ከተጨነቀ ለደንበኛ አይሰጥም። እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ፍሬን ነው።

ጨርቅ በእጅ ዳብሶ መግዛት

መርካቶ ገብታችሁ ጨርቅ ስትጠይቁ ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ይላል። የማይል የለም። አንዳንዱ ቁጥር ይጨምርበታል፣ 600 ነው፣ 1000 ነው ይላል። ቁጥሩ ዲኒየር ነው፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። ስለዚህ የክሩን ውፍረት ነው የሚነግራችሁ። ሽመናው ጥብቅ ይሁን ልል፣ ከጀርባው የተቀባው ውሃ መከላከያ ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ቁጥሩ ላይ የለም።

እኔ የቤት ቁልፌን አውጥቼ የጨርቁን ጀርባ እፍቃለሁ። ሽፋኑ እንደ ፎረፎር ከተራገፈ አመስግኜ እወጣለሁ። ካልተራገፈ ጨርቁን አጎድጉጄ ይዤ ከውሃ ጠርሙሴ ጥቂት አፈስበታለሁ፣ ከሥር በእጄ እዳስሳለሁ። አንዳንድ ነጋዴ ይቆጣል። ይቆጣ።

ናይለን መፋተግን ከፖሊስተር ይልቅ ይችላል። ፖሊስተር ደግሞ ፀሐይን ከናይለን ይልቅ ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የበጋው ፀሐይ ቀለም ሲበላ አይታችኋል። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ዕቃ አድራሽ ሳይክል ፖሊስተር እመርጣለሁ።

የጭነት መኪና ሸራም አለ። ያገለገለ ሸራ ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ደንበኞች ገጥመውኛል። ዙሪክ ውስጥ ሁለት የፍራይታግ ቤተሰብ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ቦርሳ መሥራት የጀመሩት ባገለገለ የጭነት መኪና ሸራ፣ በመኪና ቀበቶና በሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። ዛሬ ቦርሳቸው ርካሽ አይደለም። ሸራው ግን ከባድ ነው፤ ለቤት ማሽን አትመኙት።

የልብስ ክርና የልብስ መርፌ

ወፍራም ጨርቅ በቀጭን መርፌ ስትሰፉ ማሽኑ ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል። ከዚያ ማሽኑን ትሰድባላችሁ። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። መርፌውን ወደ 100 ወይም 110 አሳድጉት፣ ማሸጊያው ላይ 16 ወይም 18 ተብሎም ይጻፋል። የጥጥ ክር በዝናብና በፀሐይ ይበሰብሳል፣ ተዉት። ጫማና የቆዳ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙትን ጠንካራ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ፈልጉ።

ሌላው፣ ስፌት ሲጠቀጠቅ የሚጠነክር ይመስለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የተቀባ ጨርቅ ላይ የተጠቀጠቀ ስፌት የቴምብር ጠርዝ ይሠራል፣ ሲጎተት በዚያው መስመር ይቀደዳል። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር በቂ ነው። የመርፌ ቀዳዳ በእንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ ተመልሶ አይዘጋም፣ ስለዚህ በስፒል አትያዙት። የልብስ መቆንጠጫ ምን ሠርቶ ይቀመጣል?

«ውሃ አያስገባም» ብሎ መሸጥ

ይህን ስህተት የሠራሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ ይባስ ብሎ። ዚፑ ውሃ የሚከላከል፣ ላዩ በላስቲክ የተሸፈነ ነበር። ጨርቁም ደህና። አንዱ ደንበኛዬ የትምህርት ማስረጃውን ከትቶ ከመገናኛ እስከ ሳሪስ በዶፍ ነዳ። ደርሶ ሲከፍተው ወረቀቱ እንደ እንጀራ ተጣብቋል።

ውሃው የገባው በስፌቱ ነው። ዚፕ ሲሰፋ በሁለቱም ጎን በመቶ የሚቆጠሩ የመርፌ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ከውስጥ በቴፕ ወይም በማሸጊያ ማጣበቂያ ካልተደፈኑ ዚፑ ብቻውን ምንም አያደርግም። አሁን «ካፊያ ይችላል፣ ለዶፍ ግን ዕቃህን በፌስታል ጠቅልል» እላለሁ። በዚህ ምክንያት ያመለጠኝ ገዢ ካለ አላውቅም። በዝናብ የሚሠራ ሰው ሲመጣ አፉ ተጠቅልሎ የሚታሰረውን ዓይነት እሰፋለታለሁ፣ እሱ ዚፕ የለውም።

ዚፕ ካነሳን አይቀር፣ ቀጭኑን የቀሚስ ዚፕ አትጠቀሙ። ቢያንስ 5 ቁጥር ይሁን። ቦርሳ ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው ዚፕ ነው፣ በአቧራ ወይም ከልክ በላይ በመሙላት። ስለዚህ ሊቀየር በሚችል መንገድ ስፉት።

ማሰሪያውን ጨርቁ ላይ ብቻ መለጠፍ

ማሰሪያ ከተቻለ በሁለት ጨርቆች መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይሰፋ። ካልሆነ ከጀርባው ሌላ ጨርቅ ደርቡና አራት ማዕዘን ሰፍታችሁ መሃሉን በመስቀል ምልክት ሙሉት። የማሰሪያውን ጫፍ በሻማ አቅልጡት። ጨረስን።

ጊዜን ሳይቆጥሩ ዋጋ መቁረጥ

እዚህ ብዙ ሰው ያልቃል። የጨርቁን ዋጋ እጥፍ አድርጎ መሸጥ ቀላል ሂሳብ ነው፣ ውሸት ሂሳብም ነው።

ለምሳሌ ዕቃው 900 ብር ፈጀ እንበል። እጥፍ ብታደርጉት 1,800 ነው፣ ትርፉ 900። አሁን ሰዓት ቁጠሩ። መቁረጥና መስፋት 5 ሰዓት። መርካቶ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፣ ለአራት ቦርሳ ቢካፈል 1 ሰዓት። ቴሌግራም ላይ «ጥቁር አለ? ሰማያዊስ? መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለው መልስ መስጠት ሌላ 1 ሰዓት። 7 ሰዓት ሆነ። ታክሲ፣ መብራት፣ መርፌና የተበላሸ ጨርቅ 200 ብር ይወስዳል። የቀረው 700 ብር ለ7 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 100 ብር። ከዚህ ላይ «ለጓደኛ ቀንሺ» ሲመጣ ከኪሳችሁ እየሰጣችሁ ነው።

ዶላሩም አለ። ዚፑ፣ ክሩ፣ ጨርቁ የውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ በአሮጌ ዋጋ የተቀበልኳቸው ትእዛዞች ነበሩኝ፣ ጨርቃቸውን ገና አልገዛሁም። ቃሌን አላጥፍም ብዬ በኪሳራ ሰፋኋቸው። አሁን ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ፣ በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ በዚያው ቀን ጨርቁን እገዛለሁ። ቀብድ ሳይሰጥ «በሮዝ ቀለም ሥሪልኝ» ብሎ የጠፋ ሰው ስላለ አንድ ሮዝ ቦርሳ አሁንም ቤቴ አለች። የምትፈልግ ካለች ትጻፍልኝ።

ሁሉንም ዓይነት ልሥራ ማለት

ሁለት ዓይነት፣ ሁለት ቀለም። ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። አምስተኛውን አንድ ዓይነት ቦርሳ ስትሰፉ ሰዓታችሁ ይቀንሳል፣ ስፌታችሁም ይስተካከላል።

ቦርሳውን አልጋ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት

ገዢው ማየት የሚፈልገው የራሱን ሳይክል ነው። ሳይክል ላይ አስራችሁ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ጉልበቱ አጠገቡ ሲያልፍ አንሱት። እኔ ከፎቶ ይልቅ የጠቀመኝ «መንገድ ለሰው» ነው። መኪና በታገደበት እሑድ ሳይክሌን ይዤ ስወጣ ሰው ራሱ አስቁሞ ይጠይቀኛል፣ ይነካል፣ ዚፑን ይከፍታል ይዘጋል።

የተመለሰ ቦርሳን መሸሽ

የተበላሸ ቦርሳ ይዞ የመጣ ሰው ሲያናድድ አውቃለሁ። በተለይ ቅዳሜ ማታ። ግን የትኛው ስፌት እንደለቀቀ የምታዩት ያኔ ብቻ ነው። የሰፋሁት ከለቀቀ በነፃ እጠግናለሁ፣ በአጠቃቀም የተበላሸ ዚፕ ከሆነ የዚፑንና የእጄን አስከፍላለሁ።

ያን ሱሪ በሊታውን ቦርሳ በአዲስ ቀየርኩለት። አሮጌው ማሽኔ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ጎኑ በጭን ተፍቆ ያብረቀርቃል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አሳየዋለሁ። ቀጥሎ ካርቶኔን አንስቼ «ሳይክልህን ወደ ውስጥ አስገባው» እለዋለሁ።