የደጅ ቧንቧ በውርጭ ሲያዝ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ጠዋት የግቢው ቧንቧ ውሃ ቢያጣ ውርጭን አትጠርጥሩ። ከተማችን 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ እስኪሆን አይደርስም። ወይ የውሃ ፈረቃው ተራችሁ አይደለም፣ ወይ መስመሩ ላይ ችግር አለ። ጎረቤት ጠይቁ።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የሰሜን ተራሮች ላይ ያሉት ሳንቃበርና ጨነቅ ደግሞ ከ3,200 ያልፋሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ይህን የምጽፈው እዚያ ለምትኖሩና እዚያ ወላጅ ላላችሁ ነው።

ማለዳ ጠብ የሚል የለም፣ ረፋድ ላይ ራሱ ይመጣል

ዋናው ምልክት ይህ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ካደረ፣ የቤት ውስጡ ቧንቧ እየሠራ የደጁ ብቻ ከቆመ፣ በረዶ ይዞታል። የሚይዘው ከመሬት ወጥቶ የቆመውን ክፍል ነው። መሬት ውስጥ ያለውን አፈሩ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ሩቢኔቱን ክፈቱና ተዉት። ይህን አትዝለሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፤ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደተዘጋው ሩቢኔት ይገፋዋል፤ መውጫ ሲያጣ ቧንቧው ይፈነዳል። ሩቢኔቱ ከተከፈተ ግን ግፊቱ ይተነፍሳል። ከዚያ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጠቅልሉበት። ከአፉ ጀምሩና ወደ ታች ውረዱ። ከታች ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ መውጫ አያገኝም። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ መልሳችሁ ንከሩት።

እሳት አታስጠጉ። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ የብረቱም መጋጠሚያ ይበላሻል። የፈላ ውሃም ቆጣሪው ላይ አታፍስሱ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ከቀለጠ በኋላ ከግድግዳው ሥር ውሃ ይረጫል

ቧንቧው ሌሊት ነው የተሰነጠቀው፤ በረዶው ደፍኖት ስለቆየ ግን አልታየም። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲነካው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ላይ ውሃ ብቅ ይላል። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። የተሰነጠቀውን ቆርጦ መቀየር እንጂ በላስቲክ መጠቅለል ዋጋ የለውም፤ የውሃው ግፊት ሲመለስ ይለቃል። ስትቀይሩ ጥቁሩን የፕላስቲክ ቧንቧ አስቡበት። ከብረቱ ይልቅ ትንሽ ስለሚለጠጥ ቶሎ አይሰነጠቅም። ፀሐይንም ከነጩ ይሻላል።

ሩቢኔቱ ተዘግቶም ያንጠባጥባል

ውስጡ ያለችው ጎማ ተጎድታ ሊሆን ይችላል። ፈታችሁ ቀይሯት። የሩቢኔቱ አካል ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ሙሉውን ቀይሩ።

እንዳይደገም

ብዙ ሰው ጆንያ ይጠቀልልና ጨረስኩ ይላል። ጆንያ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ያቆያል። ደረቅ ሆኖ ከላዩ ላስቲክ ከለበሰ ይጠቅማል። ከረጠበ ግን ምንም አይከላከልም።

እኔ የምመክረው የቆመውን ቧንቧ ማታ ማታ ባዶ ማድረግ ነው። ባዶ ቧንቧ አይፈነዳም። መሬት ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጌት ቫልቭ፣ ማለትም መስመሩን የሚዘጋና የሚከፍት መዝጊያ፣ አስገጥሙ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። ቫልቩን ዘግቶ ሩቢኔቱን መክፈት ብቻውን ቧንቧውን አያደርቀውም፤ ውሃው ቆሞ ያድራል፣ ወደ ላይ አይወጣማ። ስለዚህ ከቫልቩ በላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) የተገጠመች ትንሽ ሩቢኔት ያስፈልጋችኋል። ማታ ቫልቩን ዝጉ፣ ሁለቱንም ሩቢኔት ክፈቱ፤ የላይኛው አየር ሲያስገባ ውሃው በታችኛው ይወርዳል። ጠጠር የተነጠፈበት ጉድጓድ ውሃውን ይመጠዋል። ጠዋት የታችኛውን ዘግታችሁ ቫልቩን ክፈቱ። ለዚህ ደኅና ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ፤ አንዴ ከተሠራ የማታው ሥራ ልጅም የሚችለው ነው።

የውጭ ቪዲዮ አይታችሁ ቧንቧ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ፍለጋ አትድከሙ። እሱ በረዶው ሳምንታት ለሚቆይበት አገር ነው። የኛ ውርጭ ሌሊት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል፤ አፈሩም ወደ ውስጥ አይቀዘቅዝም። አዲስ መስመር ስትዘረጉ ክንድ ያህል መቅበር ይበቃል።

ቫልቭ ለማስገጠም አቅም ከሌለ፣ ውርጭ በሚያስፈራ ሌሊት ሩቢኔቱ በቀጭኑ እንዲወርድ ተዉትና ጀሪካን አስቀምጡበት። የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋም፤ ጀሪካኑ ሲሞላ ግን የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። ውሃ ማጠጫ ጎማ ተሰክቶ ከሆነ ማታ ንቀሉት። ውስጡ የቀረው ውሃ መጀመሪያ የሚረጋው እሱ ነው፣ ከዚያ ሩቢኔቱን ይደፍነዋል። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያላችሁም ከሥሩ የሚወጣውን ቀጭን ቧንቧ ሸፍኑት፤ ጋኑ ብዙ ውሃ ስለያዘ በአንድ ሌሊት አይረጋም።