ከቱሉ ዲምቱ ሐዋሳ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በመኪናና በአውሮፕላን እንዴት እንደሚሰላ

መጀመሪያ ሁለቱን ርቀቶች ለዩ። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መኪና ደግሞ መንገዱን ይከተላል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአየር ወደ 220፣ በአስፋልት ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። የአየሩን ያለ ኢንተርኔትም ማግኘት ይቻላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ናት፣ ሐዋሳ 7 አካባቢ። የሁለት ዲግሪ ልዩነት አላቸው። አንዱን ዲግሪ በ111 ኪሎ ሜትር አባዙት። ይህ የሚሠራው ግን ከተማዋ በቀጥታ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን ስትሆን ነው። ለድሬዳዋ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ይሻላል።

ቀጥሎ መነሻችሁን አስተካክሉ። ካርታው «አዲስ አበባ» ሲል መሀል ከተማውን ነው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ክፍያ ጣቢያ አጠገብ። የሐዋሳ መንገድ ለእኔ ወደ 250 ይወርዳል። ቦሌ ግን ይርቀኛል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ሰዓቱ ከቤት በር እስከ ቤት በር ይቆጠር። በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ እውነት ነው። እኔም እሱን ብቻ ቆጥሬ ነው የተጎዳሁት። አጎቴ ሐዋሳ አርፎ ቀብሩ 6 ሰዓት ላይ ነው ተባልኩ። ቶሎ ልድረስ ብዬ የጠዋት በረራ ቆረጥኩ። ቃሊቲ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። ቦሌ ስደርስ ቼክኢን ተዘግቷል። ወደ ኋላ ተመልሼ በመኪና ሄድኩ። ስደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየታደለ ነበር። አጎቴን አልሸኘሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ ደምሩ። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ኤርፖርት ቀድሞ ለመገኘት ሁለት ሰዓት። በረራው ወደ 45 ደቂቃ። ሻንጣ ለመቀበልና የሐዋሳ ኤርፖርት ከከተማው ውጭ ስለሆነ ታክሲ ይዞ ለመግባት ሌላ አንድ ሰዓት። በድምሩ አምስት ሰዓት አለፈ።

በመኪና 250 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 60 አካፍሉት። አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። 60 ያልኩት ፈጣን መንገዱን ረስቼ አይደለም። እስከ ባቱ ድረስ በጣም ትፈጥናላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን አርሲ ነገሌ አካባቢ ከብት መንገድ ያቋርጣል፣ ሻሸመኔ መሀል ባጃጁና ጋሪው ያዘገያል። ለቁርስ ግማሽ ሰዓት ጨምሩና ሂሳቡ ከአውሮፕላኑ በታች ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከወጣችሁ ደግሞ መንገዱ የእናንተ ነው። በበዓል ዋዜማ ግን ይህን ሂሳብ አትመኑት፣ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት።

ድሬዳዋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በመንገድ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ መዋል ማለት ነው። የአውሮፕላኑ ወጪ ግን ያው ቦሌ መድረስና መጠበቅ ነው፣ በረራው ብቻ ጥቂት ይረዝማል። እዚያ ሳላመነታ አውሮፕላን እመርጣለሁ።

ትኬቱን ስትቆርጡ ሰዓቱን ሁለቴ እዩት። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 10:00 ካለ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ከቤት የምትወጡት 12 ሰዓት ተኩል ነው።