በድሬ ሙቀት የወተት ዕቃን ከባዮፊልም ማጽዳት

ማታ የታጠበውን የወተት ታንክ ጠዋት ውስጡን በጣት ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጭ ከሆነ፣ ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው ዝልግልግ ሽፋን ሠርተዋል ማለት ነው። ባዮፊልም የሚባለው ይኸው ነው። እዚህ ላይ በረኪና ማብዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክሎሩ ከላይ ያለውን ዝልግልግና የወተት ቅሪት ሲያገኝ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፣ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ።

ድሬዳዋ ላይ ሁለት ነገር ያፋፋቸዋል። አንዱ ሙቀቱ ነው፤ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት በፍጥነት ስለሚራቡ፣ እርጥብ ሆኖ ላደረ ዕቃ አንድ ሌሊት ይበቃል። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ያዘገያል እንጂ አያስጥልም፤ ሲውዶሞናስና ሊስቴሪያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥም ያድጋሉ። ሌላው ውሃው ነው። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ላይ የምናውቀው ነጭ ቅርፊት ታንኩ ላይም ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ይጋገርና ለባክቴሪያ ሻካራ መቆናጠጫ ይሆናል።

ለስቴንለስ ስቲል ዕቃ አሠራሩ ይህ ነው። ወተቱ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወርድ ያለቅልቁ። የፈላ ውሃ ፕሮቲኑን ያጋግረዋል፤ ቀዝቃዛው ቅባቱን ያረጋዋል። ቀጥሎ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይበጥብጡ፤ ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አይጨምሩ፣ ጓንትና መነጽርም ያድርጉ። ከ70 እስከ 75 ዲግሪ አሙቀው ለ15 ደቂቃ በታንኩና በቱቦው ውስጥ በፓምፕ ያዘዋውሩ። በቱቦ ውስጥ ፍሰቱ በሰከንድ ቢያንስ 1.5 ሜትር ካልሆነ ሽፋኑን አያላቅቅም። ፓምፑ ደካማ ከሆነ ቱቦውን ፈትቶ በብሩሽ መፈግፈግ ነው። የመገጣጠሚያ ጎማዎቹና የማውጫው ቧንቧ ግን ፓምፕ ኖረም አልኖረም ይፈቱ፤ ጀርሙ እንዲሞት በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ የቆየ ወተት መልሶ የሚበከለው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። አሉሚኒየም ላይ ኮስቲክ አይሞከርም፣ ይበላዋል።

ካለቀለቁ በኋላ ቅርፊቱን ለማውጣት 0.5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ያዘዋውሩ። ውሃው ለስላሳ በሆነበት አገር ይህ በሳምንት አንዴ ይበቃ ይሆናል፤ ለድሬ ውሃ ግን በየሁለት ቀኑ ቢሆን ይሻላል። አሲድና በረኪና ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ በደንብ ያለቅልቁና ዕቃውን ደፍተው ያድርቁ።

በረኪናው የጠዋት ሥራ ነው። 5 በመቶ ከሆነ በሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ለጥቂት ደቂቃ አቆይተው ያፍስሱት። ሌሊቱን ከተዉት ብረቱን ይበሳዋል፣ ቀዳዳዎቹም የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናሉ። ፀሐይ ላይ የቆመ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ ልኬቱ አይታመንም።

ለመፈተሽ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝተው፣ በረኪና ከመጨመርዎ በፊት የደረቀው ጎማ ላይ ጠብ ያድርጉ። አረፋ ካወጣ ባክቴሪያ ወይም ቅሪት አለ ማለት ነው፤ እጥበቱ ይደገም። አረፋ አለማውጣቱ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ወተት የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ አረፋ አያወጡም።

የግመል ወተት የሚመጣበት ቢጫ ጀሪካን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። አፉ እጅ አያስገባም፣ ለማጠብ በጠጠር ሲናጥ ውስጡ ይጫጫራል፤ በወይራ ቢታጠንም ጭሱ ጭረቱ ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ውሃ ይቀዳበት።